የሮተርዳሙ ሟች

ጌጤነሽ ባክፓክ ተሸክማ በስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ስትራመድ የታየች ዕለት፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ሁሉ ስልክ ሲደዋወል ዋለ። ይደዋወል እንጂ፣ ምን ያድርግ! ወደ ሃምሳ የተጠጋች ሴት፣ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል የክፍል አጽጂዎች አለቃ፣ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ከመኪናዋ የማትወርድ የተከበረች ሴት፣ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ የሚደርስ አረንጓዴ ሻንጣ ጀርባዋ ላይ ጭና፣ ውስጡን በሩዝ ከረጢት ሞልታ፣ ላብ በላብ ሆና ታለከልካለች። አንዷ መኪናዋን አቁማ «ጌጤነሽ፣ ምነው? መኪናሽ ተበላሸ እንዴ? ግቢ ላድርስሽ» ብትላት፣ «የለም የኔ እመቤት፣ እየተለማመድኩ ነው። ከልጄ ጋር አውሮፓን ላዳርስ ነው» አለቻት። ሴትየዋ ቤቷ እስክትደርስ እንኳ አላስቻላትም፤ ዊተን ማደያው ጋ ቆማ ከመንገድ ስልክ ደወለች። በማግስቱ ወሬው ጀርመንታውን ሲደርስ «ጌጤነሽን ነካ አደረጋት» ሆኖ ነበር።

አልነካትም። የሞተ ወንድሟን ፍለጋ ልትሄድ ነው።

ጉዞው መጀመሪያ የልጇ ነበር። ብሩክታይት ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ ሲመቻት ደግሞ ሁለቱን አደባልቃ የእናቷን ራስ የምታዞር ልጅ ናት። በፈረንጆች ዘጠና ስድስት ሰመር፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከጓደኛዋ ጋር ባክፓክ አዝላ፣ በባቡር ከፓሪስ እስከ ፕራግ ልትዞር ቆርጣ ተነሳች።

«ማሚ፣ እኛ ቱሪስት መሆን አንፈልግም። ሎካሎቹን ሚት ማድረግ ነው የምንፈልገው።»

«ሎካል ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአገሩ ሰዎች። ሆስት የሚሆኑ አሉ፤ ቀድመሽ ኮል ታደርጊያቸዋለሽ፣ ቤታቸው በነፃ ታድሪያለሽ፣ አብረሽ ትበያለሽ፣ ታወሪያለሽ።»

«ሳያውቁሽ?»

«ዛትስ ዘ ፖይንት!»

ጌጤነሽን ገረማት። ፈረንጅ እንግዳ መቀበልን እንኳ አባል ተመዝግቦ፣ ማኅበር አቋቁሞ እንደሚሠራው እስከዚያ ቀን አልሰማችም። ደግ ነው፣ ይባረኩ። ግን አንድ ልጇን ማንነቱን የማታውቀው ሰው ቤት የምታሳድርበት አንጀት አልነበራትም። «እኔ በቁሜ እያለሁ አይደረግም!» ብላ ዘጋች። ደግነቱ ጓደኛዋ ሥራ አገኘችና ቀረች። ብሩክታይት ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ፣ ጌጤነሽ ሹልክ ብላ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለእመቤታችን ጧፍ ለኮሰች።

ከፋሲካ በኋላ ግን አሌክሳንድሪያ የአንድ ወዳጅ ልጅ ሰርግ ሆነ። ለሰርጉ ከየአገሩ ሰው መጣ፤ የሙሽሪት ቤት አልበቃ ሲል እንደ ደንቡ እንግዶቹን ተከፋፈሉ። ለጌጤነሽ የደረሰቻት ፅጌ የምትባል ከሆላንድ የመጣች፣ ሳቂታ፣ ወሬ የሞላባት ሴት ነበረች። በሰርጉ ማግስት ጠዋት ፅጌ ሻይዋን ይዛ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ፊት ቆመች።

«እንዴ! ኪዳኔ እናንተ ቤት ምን ይሠራል?»

«የትኛው ኪዳኔ?» አለች ጌጤነሽ ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባች።

«ይኼ ነዋ! የኛው ኪዳኔ፣ የሮተርዳሙ። ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያወርደው። ቀጭን ሆኖ አንድ ፍሬ ልጅ ይመስላል እንጂ ራሱ ነው። ዘመዳችሁ ነው እንዴ?» አለችና የፎቶው ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ሪባን አየች። ድንግጥ አለች። «ውይ፣ ይቅርታ እትዬ ጌጤነሽ። ሰውና ሰው ይመሳሰላል። አፌን ይቁረጠው።»

ጌጤነሽ ዳቦዋን መቀባቷን አላቆመችም። ቅቤው ዳቦውን አልፎ መዳፏ ላይ ደርሷል።

«ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?»

«አለው» አለች ፅጌ ቀስ ብላ። «በቀኙ በኩል። በልጅነቱ በሬ ወግቶት ነው።»

«በሬ አይደለም» አለች ጌጤነሽ። «አውራ ዶሮ ነው። ሲያፍር ነው በሬ የሚለው።»

ከዚያ በኋላ ሻይ የጠጣ፣ ዳቦ የበላ የለም።

ወንድሟ ሀዲስ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ተዝካሩ ወጥቶ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው። በመተማ አድርጎ ካርቱም ገብቶ ነበር፤ እህቱ ስፖንሰር ልታደርገው ላይ ታች ስትል አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ገና ጎህ አልቀደደም። ብትከፍት የሐበሻው ሽማግሌ ጋሽ ሀብተማርያም ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወንዱም ሴቱም ኮሪደሩን ሞልቶታል፣ ማንም አይናገርም። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጃፍህ ላይ ሲቆም ንገሩኝ ማለት አያስፈልግም። የጮኸችው ጩኸት ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቀስቅሶ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ መጥቶ፣ ነገሩ ሲነገረው ቆቡን አውልቆ ከሐዘንተኛው ጋር ቆመ።

ከካርቱም የመጣ ሰው ነው የነገረን አሏት። ወባ ነው፤ ሆስፒታል ነው የሞተው፤ የስደተኛ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል፤ እዚያ ያሉ ልጆች አዋጥተው ቀብረውታል። ይኸው ነው። መርዶ ይዞ የመጣን ሰው «አንተ ራስህ ነህ ያየኸው? ሬሳውን ማን ገነዘው?» ብሎ ማፋጠጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካርቱምን አልጠየቀም፤ ደሴም ሲልቨር ስፕሪንግን አልጠየቀም። ደሴ ያሉት እናቱ ነበሩ። ልጃቸውን ካረዷቸው በኋላ እህል አንገታቸው አላልፍ ብሎ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ተከተሉት።

እንግዲህ ጌጤነሽን ሌት ተቀን የበላት ጥያቄ ይኼ ነው። ሀዲስ ካለ፣ እናቴ በምን ሞተች?

ፅጌን በመድኃኔዓለም አስማለቻት፤ ለሰውየው ትንፍሽ እንዳትል። ስልክ ቁጥሩን ልስጥሽ ብትላትም እምቢ አለች። «ብደውል ይዘጋብኛል፤ ከዚያ አገር ይቀይራል። ፊት ለፊት ከቆምኩበት ግን የት ይገባል?» አለች። ማታውን የልጇን ክፍል አንኳኳች።

«ያ የአውሮፓው ነገር... ጓደኛሽ ቀረች አይደል? እኔ ልሂድ።»

ብሩክታይት መጀመሪያ ሳቀች። የእናቷን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው፤ ጌጤነሽም ፅጌ ያለችውን ሁሉ ነገረቻት። አጎቷን የምታውቀው በፎቶ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ ማንም የማይነካው፣ በየዓመቱ አቧራው ብቻ የሚወለወል ፎቶ። «ሂ ኢዝ አላይቭ?» ብላ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። ካርታው ላይ ሮተርዳምን ፈልጋ በቀይ አከበበችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ሆነ። ሳሎኑ ካርታና የባቡር መጽሐፍ ብቻ። ሁለቱ ሻንጣዎች ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ይከርማሉ። ጌጤነሽ በርበሬ ትከታለች፣ ልጅቷ ታወጣዋለች። ጌጤነሽ ለየሆስቱ ሚስት አንዳንድ ነጠላ ትጨምራለች፣ ልጅቷ ታወጣዋለች።

«ማሚ፣ ባክፓክ እኮ ነው! ላይት መሆን አለበት።»

«የሰው ቤት ባዶ እጄን ልግባልሽ? አሳድገሽኛል አንቺ!»

ብሩክታይት ለሆስቶቹ ስለ እናቷ ስትጽፍ «ሃይኪንግ ትወዳለች» ብላ ዋሸች። ለዚህ ነው ያ ሁሉ የስላይጎ ክሪክ ልምምድ፤ ጌጤነሽ ልጄ ውሸታም እንዳትባል ብላ ነው። ሮተርዳም የሚቀበሏቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪና ባለቤታቸው ነበሩ። ስልክ ደውለው ቀስ ባለ እንግሊዝኛ «እማማ ምን ማየት ይፈልጋሉ? ሙዚየም?» ሲሉ፣ ጌጤነሽ መነጋገሪያውን ከልጇ እጅ ወስዳ «ወደቡን» አለቻቸው። ሰውየው ደስ አላቸው። ወደቡን ማየት የሚፈልግ እንግዳ ገጥሟቸው አያውቅም።

ሰው ቢያያት ደስ ያላት ሴት ናት። ውስጧን ግን እሷና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ፅጌ ከሄደች ወዲህ አንድ ሰው ይታያታል። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ በሥራ ሰዓት። የሆቴሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ፣ ቡናማ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው። «ሀዲስ!» ስትል ይታጠፋል፤ ሮጣ ስትደርስ ፎጣ የተቆለለበት ጋሪ ብቻ። አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ፣ ከማዶ ቆሞ አየችው፤ ባቡር መሃላቸው ገብቶ ሲወጣ የለም። ሌላ ቀን ኪንግ ስትሪት ላይ ተከትላ ትከሻውን ብትነካው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ዞሮ «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ፣ ማም?» አላት። አፍራ ልትሞት። ሰውየው ፊቱን አሳይቷት አያውቅም፤ ሁሌ ጀርባውን ነው። ወንድሜ ነው፣ ነፍሱ ነይ እያለችኝ ነው አለች። ለልጇ ብትነግራት «ስትሬስ ነው ማሚ» አለቻት። ስትሬስ! አንቺ ምኑን አውቀሽው የኔ ልጅ።

መሄጃቸው ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጌጤነሽ ሻንጣዋን አዝላ መስታወት ፊት ማሰሪያውን ስታስተካክል ስልክ ጮኸ። እንዳዘለች አነሳችው።

«እታለም» አለ አንድ ወንድ።

እታለም የሚላት ሰው በዓለም ላይ አንድ ነበር። ሻንጣው ወደ ኋላ ጎትቶ ግድግዳው ሥር ቁጭ አደረጋት።

«አለህ?»

«አለሁ። ፅጌ ነገረችኝ። እታለም፣ እባክሽ እንዳትመጪ።»

አሥር ዓመት ያለቀሰችለት ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው። እንዳትመጪ! ጌጤነሽ ደሟ ፈላ።

«እማዬ ሞታለች» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«በምን እንደሞተችስ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እታለም። እሱን ከሰማሁ በኋላ ነው እኮ ጨርሶ መደወል ያቃተኝ። ወረቀቴን ላግኝ፣ ከዚያ እደውላለሁ እያልኩ ነበር። እሷ ስትሞት በምን አፌ አለሁ ልበል?»

ከዚያ ነገራት፤ ያለማቋረጥ፣ እንደሚያስመልሰው ሰው። ካርቱም አንድ ክፍል የሚጋራው ጓደኛ ነበረው፣ ኪዳኔ የሚባል። ለኪዳኔ በስደተኝነት የሆላንድ ጉዞ ወጣለት። መሄጃው ሲደርስ ኪዳኔ በወባ ወደቀ። ሀዲስ ሆስፒታል አስገባው፣ አስታመመው። በረራው ነገ ሆነ፣ ኪዳኔ ግን መቆም አይችልም። መልካቸው ብዙ አይራራቅም፤ ለፈረንጅ ዓይንማ ጭራሽ አንድ ነው። «ልሂድበት? አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ» አለ ሀዲስ። ወዲያው አርሞ «የነቀነቀልኝ መሰለኝ። ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እንጃ እታለም፤ አሁን አሁንማ እኔ እንጃ» አለ። የራሱን መታወቂያ ኪዳኔ ኪስ ውስጥ ከተተለት፤ ያለ ወረቀት ከተገኘ ከሆስፒታል ያባርሩታል ብሎ። የኪዳኔን ወረቀት ይዞ ሄደ።

«ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?»

«እታለም...»

«ሀዲስ፣ ስትሄድ ሰውየው በሕይወት ነበር?»

«ነበር» አለ።

ጌጤነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ፎቶውን ቀና ብላ አየችው። ያ ሁሉ እንባ። ያ ሁሉ ሰው፣ ጸሎቱ፣ ተዝካሩ፣ ቆቡን ያወለቀው ፖሊስ፤ ሁሉም ለማያውቁት ለሌላ ልጅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚቆመው ሰው ለምን ፊቱን እንደማያዞርላት ያን ጊዜ ገባት። ቢያዞርላትም አታውቀውም።

«ሰው የለውም?» አለች።

«አንዲት እህት አለችው። የወይንሐረግ ትባላለች።» ድምፁ ወረደ። «እዚያው እናንተ ጋ ናት። አሌክሳንድሪያ። አሜሪካ ለምን ያልመጣሁ ይመስልሻል?»

የወይንሐረግ! ማን ያላወቃት! ከሱዳን አዲስ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር የትም ይሁን የት ደርሳ «ኪዳኔ የሚባል ልጅ አላጋጠማችሁም?» የምትለዋ። ሰዎች ከሩቅ ሲያይዋት «መጣች» ብለው መንገድ የሚቀይሩባት። አንድ ጊዜ አሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የጌጤነሽን ክንድ ይዛ ጠይቃታለች። ጌጤነሽም «ኧረ አላውቅም እናቴ፤ የኔም ወንድም እዚያው ነው የቀረው» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ሽሮው መደርደሪያ ሥር ተቃቅፈው ተላቀሱ። ለአንድ ሬሳ!

«እታለም፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉኝ» ይላል ሀዲስ። «በሱ ስም ነው የሚጠሩት። ይኼ ነገር ከወጣ ወረቀታችንን ይቀሙናል። እሷም ብትሆን አሁን ተስፋ አላት። ተዪያት፣ በተስፋዋ ትኑር።»

«ተስፋ ነው የምትለው ይኼን?» ጮኸችበት። «ሰው መንገድ እየቀየረባት መኖር ተስፋ ነው? አንተ አልተለቀሰልህም ወይ! እኔ ጠጉሬን ላጭቼ፣ መሬት ተኝቼ፣ አልቅሼ ወጥቶልኛል። እሷ መቼ ይውጣላት?»

«ማን ነገረሽ ቢሉሽስ?»

ጌጤነሽ ቀስ ብላ «አይጠይቁኝም» አለች። «መርዶ የያዘን ሰው ማን ጠይቆ ያውቃል? አንተን የቀበረህ ይኼው አለመጠየቅ አይደል? አሁንም ይሸፍንሃል። ስምህን አላነሳም።»

ሲያለቅስ ሰማችው። እናቷ ያዘለችው፣ እሷ ያዘለችው ልጅ ነው። ግን አላባበለችውም። «መምጣቴን አልተውኩም» አለችው። «መጥቼ ፊትህን አያለሁ። መጀመሪያ ግን ጥለኸው ለሄድከው ላልቅስለት።» ስልኩን ዘጋች። ብሩክታይት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደሰማች ፊቷ ይናገራል።

«ትኬቱን ከሰልስት በኋላ አድርጊው» አለቻት እናቷ።

በነጋታው ጋሽ ሀብተማርያም ቤት ሄደች። ጋሽ ሀብተማርያም የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ በዚያ አካባቢ የሞተ ሰው ቢኖር ቤተሰቡን የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። የሷንም ያረዱት እሳቸው ነበሩ።

«ጋሼ፣ የኪዳኔን እህት ልናረዳት ይገባል» አለቻቸው። «የወይንሐረግን ወንድም። ካርቱም ነው የሞተው። በዚያው ሀዲስ በሞተበት ጊዜ፣ በዚያው ሆስፒታል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን...» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ትክ ብለው አዩዋት። የአውሮፓውን ወሬ ሰምተዋል፤ ሻንጣውን ሰምተዋል፤ ሰውየው ደግሞ ሞኝ አይደሉም። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሲያልፍ አየችው። ያን ቀን ጠዋት ከፊት ሆነው ደጇ ላይ የቆሙት፣ ደሴ ያሉትን እናት እንዲያረዱ ሰው የላኩት እሳቸው ናቸው።

«በዚህኛው እርግጠኛ ነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«በዚህኛው እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ሰው ልሰብስብ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቋትም።

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል በሦስት መኪና የዊልሰንን ድልድይ ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ጌጤነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ተቀምጣለች። ብሩክታይት ካልመጣሁ ብላ ጥቁር ለብሳ አጠገቧ አለች።

«ዋት ዱ አይ ሴይ፣ ማሚ?»

«ምንም። ቁሚ ብቻ።»

የወይንሐረግ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሲወጡ የማንም ድምፅ አልተሰማም፤ ጋሽ ሀብተማርያም ጉልበታቸውን እያመማቸው ከፊት ናቸው። አንኳኩ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ጋሽ ሀብተማርያምን፣ ጌጤነሽን፣ ከኋላ ያሉትን፣ ልጅቷን። ጫማዋን ጎንበስ ብላ ግድግዳው ጥግ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ግቡ» አለች። «ግቡ እንጂ። ምነው እንዲህ ቆያችሁ?»

ከዚያ ነው የጮኸችው። «ኪዳኔ! ኪዳኔዬ!» ብላ ስትወድቅ ጌጤነሽ ተቀበለቻት፣ አብራት ወደቀች። ጌጤነሽ ያለቀሰችው ለታይታ አልነበረም። ብርድ ልብስ የሌለው፣ የሚያንቀጠቀጠው ልጅ እየታያት ነው ያለቀሰችው። ጎረቤት በር ከፍቶ አየ፤ ብሩክታይት ወጥታ በእንግሊዝኛ አስረዳች፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ የሴትየዋን እግር በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች። ማንም አላስተማራትም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሀያትስቪል ድረስ ተሰምቶ መጡ፤ መንገድ ይቀይሩባት የነበሩትም ሳይቀሩ መጡ። ጌጤነሽ የምትመልሰውን መልስ ሁሉ አሰናድታ፣ ማን ነገራችሁ የሚላትን ሰው ስትጠብቅ ዋለች። ማንም አላለም።

ሰው ሳሳ ሲል የወይንሐረግ ፍራሹ ላይ ወደሷ ተጠጋች። ዓይኗ አብጦ ደም መስሏል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። ግን ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ረግቧል። የጌጤነሽን እጅ ይዛ አሻሸችው።

«አንቺም እኮ አለብሽ» አለቻት። «ያኔ ሱቅ ውስጥ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ዛሬ የራስሽን ነው የቀሰቀስሽው፣ አይደል? ስሙን ግን አልጠየቅኩሽም ነበር፤ ይቅር በይኝ። ማን ነበር የወንድምሽ ስም?»

ጌጤነሽ ቀና ማለት አቃታት።

«ሀዲስ» አለች።

«ሀዲስ» አለች የወይንሐረግ። «ነፍሱን ይማርልሽ።»

ጌጤነሽ «አሜን» አለች።